ፓስፖርቱ መቼ ወጣ?

እ.ኤ.አ. መስከረም 2007፣ ማድሪድ። የአውሮፓ ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ፍጻሜ ሊጠናቀቅ የቀረው በሴኮንድ የሚቆጠር ጊዜ ነው። የዓለም ሻምፒዮኗ ስፔን በገዛ ሜዳዋ፣ በገዛ ሕዝቧ ፊት ሩሲያን በአንድ ነጥብ ትመራለች። ኳሷን የያዘው የሩሲያው ፖይንት ጋርድ ጥቂት አንጥሮ ወረወራት፤ ሁለት ሴኮንድ ያህል ሲቀር ገባች። 60 ለ 59። በተረፈችው ቅጽበት ፓው ጋሶል የሞከራት ኳስ ከቀለበቱ ተመልሳ ወጣች፤ ዋንጫው ሞስኮ ገባ። ሩሲያን ለዚህ ያበቃው ሰው ጄ.አር. ሆልደን ይባላል፤ የአሜሪካዋ ፒትስበርግ አካባቢ ልጅ ነው። ለሲኤስኬኤ ሞስኮ ሲጫወት፣ በ2003 ፕሬዚዳንት ፑቲን በፈረሙት ድንጋጌ የሩሲያ ዜግነት ተሰጠው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ከእኛ አዋጆች በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ምሽት ሕግ የጣሰ አልነበረም። ሆልደን ሩሲያዊ ነው፤ ፓስፖርቱ ይመሰክራል። ቡድኑን ያሠለጠነው ዴቪድ ብላትም የአሜሪካና የእስራኤል ዜጋ ነበር፤ የአሠልጣኝን ፓስፖርት ግን ማንም አያገላብጥም። ነገሩ የሚከረው ማሊያ የሚለብሰው ሰው ጋ ሲደርስ ነው። በቅርጫት ኳስ ደግሞ ከሌላው ስፖርት ሁሉ ይከራል፤ በሜዳ ላይ አምስት ሰው ብቻ በሚሰለፍበት ጨዋታ አንድ ብርቱ ሰው መጨመር ቡድኑን እንዳለ ይለውጠዋልና።

ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ ፊባ፣ ለዚህ ያወጣው ደንብ አጀማመሩ ቀላል ነው። ለአንድ ሀገር የሚሰለፍ ሰው የዚያ ሀገር ሕጋዊ ዜጋ መሆን አለበት። ሁለት ዜግነት ያለው አንዱን ይመርጣል። አሥራ ሰባት ዓመት ከሞላው በኋላ በፊባ ይፋዊ ውድድር ለአንዱ ሀገር ከተሰለፈ፣ ወደ ሌላው መሻገር የሚችለው በልዩ ፈቃድ ነው። እስከዚህ ድረስ ሌሎቹ ስፖርቶችም ብዙ አይለዩም። ቅርጫት ኳስን ለብቻው የሚያቆመው ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ ከአሥራ ሁለቱ ተጫዋቾች መካከል ዜግነቱን አሥራ ስድስት ዓመት ከሞላው በኋላ ያገኘ ሰው ከአንድ ሊበልጥ አይችልም። ደንቡ እዚህም ላይ አያበቃም። ሲወለድ ጀምሮ የዜግነት መብት እያለው መብቱን ከአሥራ ስድስት ዓመቱ በፊት ሳይጠይቅ የቀረውን ሰው ጭምር በዚያችው አንዲት ቦታ ይከተዋል።

የመጀመሪያው ክልከላ ለምን እንዳስፈለገ ማንም ይረዳዋል። ያለ እርሱ ምን እንደሚሆን ማየት የፈለገ የ2023ቱን የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎች ያስታውስ። ውድድሩ በፊባ ገደብ የሚመራ ስላልነበረ አስተናጋጇ ካምቦዲያ አሜሪካ ተወልደው ያደጉ በርካታ ተጫዋቾችን ፓስፖርት አስይዛ አሰለፈች። በቅርጫት ኳስ እምብዛም ስሟ የማይነሳው ሀገር ለፍጻሜ ደረሰች፤ በፊሊፒንስ 80 ለ 69 ተሸንፋ የብር ሜዳሊያ ወሰደች። ገንዘብና ቸር የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ያለው ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ ብሔራዊ ቡድን የሚለው ነገር የክለብ ዝውውር ገበያ ሆኖ ይቀር ነበር። አንዲቷ ቦታ ለዚህ ጥሩ ልጓም ናት፤ እኔም እንድትነሳ አልፈልግም።

የማልስማማው ከሁለተኛው ክፍል ጋር ነው። የአያቱን ሀገር ማሊያ የሚለብሰውን ልጅና በቅጥር የመጣውን እንግዳ አንድ ወንበር ላይ ያጋፋል። ደንቡ «የማን ልጅ ነህ? የት አደግህ? ለማን ኖርክ?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «ፓስፖርቱ መቼ ወጣ?» ብሎ ነው።

ፊሊፒንስን እንመልከት፤ ቅርጫት ኳስ እዚያ ከስፖርትም አልፎ የመንደር ሕይወት ነው። ጆርዳን ክላርክሰን ፍሎሪዳ ተወልዶ ቴክሳስ ያደገ፣ በ2021 የኤንቢኤ ምርጥ ተቀያሪ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመ ሰው ነው። የእናቱ እናት ፊሊፒናዊት ናቸው። ጀስቲን ብራውንሊ ደግሞ የጆርጂያ ግዛት ተወላጅ አሜሪካዊ ነው፤ ከፊሊፒንስ ጋር የደም ዝምድና የለውም። ነገር ግን ከ2016 ጀምሮ በማኒላው ባራንጋይ ጊኔብራ ክለብ ዋንጫ በዋንጫ ላይ ሲደርብ የኖረ፣ ሕዝቡ እንደ ልጁ የተቀበለው ሰው ነው። በጥር 2023 የሀገሪቱ ምክር ቤት ለእርሱ ብቻ ያወጣው ሕግ ተፈርሞ ዜጋ ሆነ። ፊባ ክላርክሰንን ከአሥራ ስድስት ዓመቱ በኋላ ፓስፖርት እንዳወጣ ሰው ስለሚቆጥረው ሁለቱም ለአንዲቷ ቦታ ተፎካካሪ ሆኑ። የልጅ ልጁና እንግዳው እኩል እንግዳ ሆኑ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ፊሊፒንስ የዓለም ዋንጫን ከጃፓንና ከኢንዶኔዢያ ጋር አስተናገደች። ለመክፈቻው ጨዋታ 38,115 ሰው ገባ፤ በዓለም ዋንጫ ታሪክ ከፍተኛው የተመልካች ቁጥር ነው። ቦታዋን ክላርክሰን ያዘ፤ ብራውንሊ በተመልካችነት ቀረ። አስተናጋጇ ካደረገቻቸው አምስት ጨዋታዎች ያሸነፈችው አንዱን፣ ቻይናን 96 ለ 75 የረታችበትን ብቻ ነው፤ ክላርክሰን በዚያ ጨዋታ 34 ነጥብ አስቆጠረ። ከአንድ ወር በኋላ የሃንግዡ የእስያ ጨዋታዎች መጡ፤ አሁን ተራው የብራውንሊ ሆነ። በግማሽ ፍጻሜው ቻይናን በሜዳዋ 77 ለ 76 ጣሉ፤ በፍጻሜው ዮርዳኖስን 70 ለ 60 አሸነፉ። ከ1962 ወዲህ የመጀመሪያው የእስያ ጨዋታዎች ወርቅ ነው። የዮርዳኖስ ኮከብ ሮንዴ ሆሊስ ጄፈርሰንም ዜግነት የተሰጠው አሜሪካዊ መሆኑን፣ እርሱና ብራውንሊም በፊሊፒንስ ሊግ የሚፎካከሩ የውጭ ተጫዋቾች መሆናቸውን ስናስብ፣ የእስያ ወርቅ የተወሰነው በሁለት የማኒላ ቅጥረኞች ፉክክር ነው ብሎ የሚቀልድ ቢኖር አይፈረድበትም።

ስፔን የገጠማት ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ኒኮላ ሚሮቲች ሞንቴኔግሮ፣ ፖድጎሪጻ ተወለደ፤ በአፍላ ዕድሜው ሪያል ማድሪድ ገብቶ በክለቡ የታዳጊዎች ቡድን አደገ፤ ለስፔን ወጣት ቡድንም ተጫወተ። ሰርጅ ኢባካ የኮንጎ ብራዛቪል ልጅ ነው፤ ስፔን መጥቶ በ2011 ዜግነት አገኘ፣ በለንደን ኦሊምፒክ ከቡድኑ ጋር ብር ወሰደ። ሁለቱም ዜግነቱን ያገኙት ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ስለሆነ አብረው መሰለፍ አይችሉም። በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ኢባካ ተመረጠ፤ በ2015ቱ የአውሮፓ ሻምፒዮና ሚሮቲች። አሠልጣኙ በየክረምቱ ከሁለት የኤንቢኤ ተጫዋቾች አንዱን ቤት አስቀርቶ ይሄድ ነበር።

ከዚያ ሎሬንዞ ብራውን መጣ። ጆርጂያ ያደገ አሜሪካዊ ነው፤ በስፔን ሊግ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም ነበር። በሐምሌ 2022 የስፔን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በልዩ ውሳኔ ዜግነት ሰጠው። የተጫዋቾች ማኅበሩ ተቃወመ፤ በሀገሪቱ ሊግ ለዓመታት የለፉ ልጆች እያሉ ስፔንን የማያውቅ ሰው ለምን ይመጣል የሚል ነበር ቅሬታው። በመስከረም በርሊን ላይ ስፔን ፈረንሳይን 88 ለ 76 አሸንፋ ሻምፒዮን ሆነች፤ ብራውን በፍጻሜው አሥራ አንድ ለነጥብ የሆኑ ኳሶች አቀበለ። ከድሉ በኋላ ተቃውሞው ሰከነ፤ ዋንጫ ብዙ አፍ ይዘጋል። በፊባ ሚዛን ግን በልጅነቱ ማድሪድ የገባው ሚሮቲችና በሁለት ወር ውስጥ ስፔናዊ የሆነው ብራውን ትክክል አንድ ክብደት አላቸው።

ሕግ አዋቂዎች ይህን ጉዳይ ሲያነሱ ኖተቦምን መጥቀስ ይወዳሉ። ፍሬድሪክ ኖተቦም ሀምቡርግ ተወልዶ ጓቲማላ የኖረ ነጋዴ ነበር፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር፣ በ1939፣ የሊክተንስታይንን ዜግነት አገኘ። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ1955 በሰጠው ፍርድ፣ ሊክተንስታይን ስለ እርሱ ጓቲማላን ልትከስ አትችልም፣ በሰውየውና በሀገሪቱ መካከል እውነተኛ ትስስር የለም አለ። የስፖርት ፌዴሬሽኖች ያን ሐሳብ በየራሳቸው መንገድ ሊተረጉሙት ሞክረዋል። የእግር ኳሱ ፊፋ ወላጅና አያት የት ተወለዱ ብሎ ይጠይቃል፤ ይህ ከሌለ የመኖሪያ ዓመታት ይቆጥራል። በ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ለግማሽ ፍጻሜ የደረሰችው ሞሮኮ ከ26 ተጫዋቾቿ 14ቱ የተወለዱት ከሞሮኮ ውጭ ነበር፤ ማንም ሞሮኳዊ አይደሉም አላላቸውም። በፊባ ደንብ ቢመዘኑ የእያንዳንዳቸው ፓስፖርት በስንት ዓመታቸው እንደወጣ ይጣራ ነበር።

የልዩ ፈቃዱ ነገርም አለ። የፊባ ዋና ጸሐፊ ለአንድ ሀገር የተሰለፈ ተጫዋች ወደ ትውልድ ሀገሩ እንዲሻገር ሊፈቅድ ይችላል፤ መመዘኛው «ለሀገሪቱ ቅርጫት ኳስ ዕድገት ይጠቅማል ወይ» የሚለው ነው። ሰፊ በር ይመስላል። በ2021 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ዋዜማ ግን ጠባብ መሆኑ ታየ። ኔካ ኦግዉሚኬ የናይጄሪያውያን ልጅ፣ ቴክሳስ የተወለደች፣ በደብሊው ኤንቢኤ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የነበረች ናት። ከአሜሪካ ቡድን ምርጫ ስትቀር ለወላጆቿ ሀገር ልጫወት አለች። ፊባ እርሷንና ኤሊዛቤት ዊሊያምስን ከአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን ጋር ብዙ ተሳትፎ ስለነበራቸው ከለከላቸው፤ ይግባኙም ለጨዋታው አላደረሳቸውም። የኔካ እህት ቺኒ ግን በዜግነት ተቀባይነት፣ በአንዲቷ ቦታ፣ ተፈቀደላት። እህትማማቾች ናቸው፤ አንድ ቤት፣ አንድ አባት፣ አንድ እናት። በተቃራኒው ሌጎስ የተወለደው ሃኪም ኦላጁዎን በልጅነቱ ለናይጄሪያ ታዳጊ ቡድን ተጫውቶ እያለ፣ በ1993 የአሜሪካ ዜግነት ካገኘ በኋላ ፊባ ፈቅዶለት በአትላንታ ኦሊምፒክ ለአሜሪካ ወርቅ ወስዷል። ያውንዴ የተወለደው ጆኤል ኤምቢድም የፈረንሳይን ዜግነት በሐምሌ፣ የአሜሪካን በመስከረም 2022 አግኝቶ በመጨረሻ አሜሪካን መረጠ፤ በፓሪስ ኦሊምፒክ ኳስ በነካ ቁጥር ሲጮህበት ከረመ፣ ወርቁን ግን ይዞ ወጣ። ልዩ ፈቃዱም ልዩ ቦታውም ከድሃው ወደ ሀብታሙ ሲሄዱ ነው መንገዱ የሚቀናቸው ብል አጋነንክ የሚለኝ ይኖራል፤ እስቲ የተገላቢጦሹን ይቁጠርልኝ።

ይህን ሁሉ ችግር በሚገርም መንገድ የተሻገረች ሀገር አለች፤ ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን። ሀገሪቱ ራሷ የተወለደችው በሐምሌ 2011 ነው። የዜግነት ሕጓ ሰፊ ነው፦ ወላጅ፣ አያት ወይም ቅድመ አያት እዚያ ከተወለደ፣ ወይም ሰውየው ከሀገሬው ማኅበረሰቦች የአንዱ አባል ከሆነ ዜጋ ነው፤ ጥምር ዜግነትም ይፈቅዳል። ፌዴሬሽኑን የያዘው የቀድሞው የኤንቢኤ ተጫዋች ሉኦል ዴንግ ዋው ተወልዶ፣ በስደት ግብፅ ገብቶ፣ ለንደን ያደገ ሰው ነው፤ በ2012ቱ ኦሊምፒክ ለብሪታንያ ተሰልፏል። በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በካናዳ የተበተኑትን ልጆች አንድ በአንድ ሰበሰበ። ዌንየን ጋብሬል ካርቱም የተወለደ ነው። ኑኒ ኦሞት ኬንያ በስደተኞች መጠለያ ተወልዶ ሚኒሶታ ያደገ ነው፤ ኦሞት የሚለውን ስም የሰማ የጋምቤላ ሰው ጆሮውን ያቆማል፤ አኙዋክ ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ነውና። አንዲቷ የእንግዳ ቦታ ለካርሊክ ጆንስ ተሰጠች፤ የሲንሲናቲ ልጅ ነው፣ ከሀገሪቱ ጋር የትውልድ ዝምድና የለውም።

በ2023ቱ የዓለም ዋንጫ ይህ ቡድን ማኒላ ላይ ፊሊፒንስን 87 ለ 68 አሸነፈ። ጆንስ ከክላርክሰን ጋር ተፋጠጠ፤ ሁለቱም በየቡድናቸው «እንግዳ» ናቸው፣ አንዱ አያት አለው፣ አንዱ የለውም። አንጎላን ሲደግሙ ደግሞ ለኦሊምፒክ አለፉ። በሐምሌ 2024 ለንደን ላይ በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ አሜሪካ የዳነችው በአንድ ነጥብ፣ 101 ለ 100፣ ሌብሮን ጄምስ ሊያልቅ ስምንት ሴኮንድ ሲቀር ባስቆጠረው ነው። ከቀናት በኋላ በኦሊምፒክ የመጀመሪያ ጨዋታቸው ከመጀመሩ በፊት መዝሙር ሊዘመር ተሰለፉ፤ ከድምፅ ማጉያው የወጣው የሱዳን መዝሙር ነበር። ተለይተው የወጡበት ሀገር መዝሙር! ተመልካቹ ጮኸ፣ መዝሙሩ ተቋረጠ፣ ተጫዋቾቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ እንዳደረጉ ቆመው ጠበቁ፤ ትክክለኛው መጣ። ከዚያ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 ረቱ።

የእኛስ? ኢትዮጵያ በስፖርት ዜግነት ጉዳይ የምትታወቀው በሰጪነት ነው። ሔዋን አበዬ ኤልቫን አበይለገሴ ሆና ለቱርክ ሮጣለች። ዘነበች ቶላ ማርያም ዩሱፍ ጀማል ሆና ለባሕሬን ሁለት ጊዜ በ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። አዳማ የተወለደችው ሲፋን ሐሰን በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን የመጨረሻ ሜትሮች ትዕግሥት አሰፋን ቀድማ ለሆላንድ ወርቅ ስትወስድ ግማሹ ቤት አዝኖ ግማሹ ተደስቷል። የአትሌቲክሱ ፌዴሬሽን ሁኔታው ሲበዛበት በ2017 የዜግነት ዝውውርን አግዶ፣ በማግሥቱ ዓመት የሦስት ዓመት ጥበቃ ያለበት አዲስ ደንብ አወጣ። ሰው ሲሄድብን እናውቃለን። ሰው ሊመጣልን ሲችል ምን እንደምናደርግ ግን አልተዘጋጀንበትም።

በዋሽንግተንና በአካባቢው፣ በሚኒያፖሊስ፣ በዳላስ፣ በአትላንታ ያሉት ልጆቻችን በትምህርት ቤት ቡድን ቅርጫት ኳስ ይጫወታሉ። አንድ ቤት በምናባችን እናንሳ። እናትየው የጉለሌ ልጅ ናት፤ በዲቪ ሄዳ ግሪን ካርድ ይዛለች። ሲልቨር ስፕሪንግ የበኩር ልጇን ወለደች። በኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 3 መሠረት ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው። አሜሪካ ስለተወለደም አሜሪካዊ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ እናትና አባት ቃለ መሐላ ፈጽመው የአሜሪካ ዜጎች ሆኑ፤ በአዋጁ አንቀጽ 20 የሌላ ሀገር ዜግነት በፈቃዱ ያገኘ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ታናሹ ከዚያ በኋላ ተወለደ። አንድ ጓዳ እንጀራ እየበሉ፣ አንድ አማርኛ እየሰሙ ያደጉ ወንድማማቾች ናቸው፤ በሕግ ታላቁ ኢትዮጵያዊ ሲሆን ታናሹ «የውጭ ሀገር ዜግነት ያለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ» ነው። በአዋጅ 270/1994 ቢጫ ካርድ ያገኛል፤ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል። ለፊባ ግን ቢጫ ካርድ ዜግነት ስላልሆነ ምንም አይደለም።

ታላቁም ቢሆን ገና አላለፈለትም። ወላጆቹ አሥራ ስድስት ሳይሞላው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ካላወጡለት፣ ለፊባ መብቱን ሳይጠይቅ የቀረ ሰው ነው፤ ወደ አንዲቷ ቦታ ይሄዳል። አወጡለት እንበል። ያን ጊዜ የፊባን ወንፊት አለፈ። የሚጠብቀው የገዛ ሀገሩ ወንፊት ነው። አዋጁ ውጭ ሀገር በመወለድ ሌላ ዜግነት ያገኘን ልጅ፣ አካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ሌላ ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚፈልግ ካላስታወቀ፣ በፈቃዱ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። አሥራ ዘጠነኛ ልደቱ ላይ ማለት ነው። እንግዲህ ይህ ልጅ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ለሆነው ቡድናችን ሊጫወት ይችላል፤ ለዋናው ቡድን በሚደርስበት፣ ቁመቱም ጉልበቱም በሚሞላበት ዕድሜ ግን አሜሪካዊ ፓስፖርቱን ካልጣለ ይወጣል። የኮሌጅ ስኮላርሺፕ የሚጠብቅ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን ያደርጋል ብሎ የሚያስብ ካለ ለእናትየው ራሱ ሄዶ ይንገራት።

ሁለት ደንቦች ናቸው እዚህ የተገናኙት። አንዱ ጄኔቫ አካባቢ፣ ፊባ በሚገኝበት ሚስ፣ ወጣ፤ ሌላው አራት ኪሎ። አንዱ ሌላውን አስቦ አልተጻፈም። ተደምረው ግን አንዱ በአሥራ ስድስት፣ ሌላው በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የሚዘጉ ሁለት በሮች ያቆማሉ።

ጥምር ዜግነት የማይፈቅዱ ሌሎች ሀገሮችም አሉ፤ እጃቸውን አጣጥፈው ግን አልተቀመጡም። ጃፓን ዜግነቷን የሚጠይቅ ሰው የቀደመውን እንዲተው ትጠይቃለች። የዋሽንግተን ግዛቱ ጆሽ ሆኪንሰን ከ2017 ጀምሮ በጃፓን ሊጎች ተጫውቶ፣ ቋንቋውን ተምሮ፣ በ2023 መጀመሪያ ጃፓናዊ ሆነ። በዚያው ነሐሴ ኦኪናዋ ላይ ፊንላንድን 98 ለ 88 ሲያሸንፉ 28 ነጥብ አስቆጥሮ 19 ሪባውንድ ያዘ። ቻይናም ሕጓ ጥብቅ ሆኖ ሳለ፣ በዚያው ዓመት በእናቱ በኩል ቻይናዊ ቅድመ አያት ላለው ካይል አንደርሰን ዜግነት ሰጥታ ሊ ካይኧር ብላ አሰለፈችው። የእኛም አዋጅ ቢሆን አንቀጽ 8 ላይ ለኢትዮጵያ ጥቅም የላቀ አስተዋጽኦ ያደረገን የውጭ ዜጋ፣ የአራት ዓመት የመኖሪያና የቋንቋ መስፈርቶቹን ሳይጠይቅ ሊቀበል እንደሚችል ይናገራል። በር አለ፤ ለስፖርት ሲንኳኳ ግን አልሰማንም። እግር ኳሱ በ2013ቱ የደቡብ አፍሪካ አፍሪካ ዋንጫ ፉአድ ኢብራሂምን ከአሜሪካ፣ ዩሱፍ ሳላህን ከስዊድን ጠርቶ ነበር፤ በጊዜው ሕዝቡ ደስ ብሎት ተቀበላቸው እንጂ ማን የት አደገ ብሎ አልተከራከረም።

የሚቃወሙኝ ሰዎች ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ ሲሚንቶ ሜዳ ላይ፣ መረብ በሌለው ቀለበት የሚለማመደው ልጅ አንድ ቀን የሀገሩን ማሊያ እለብሳለሁ ብሎ ነው። አሥራ ሁለቱም ከዲሲ በአውሮፕላን ቢመጡ እርሱ ለምን ይለፋል? ደቡብ ሱዳን በዚህ በኩል ጥሩ ምሳሌ አይደለችም፤ ጣሪያ ያለው ሜዳ ባልነበራት ሀገር ስም የተሰለፈው ቡድን ከሞላ ጎደል በውጭ ያደገ ነው። እኔ የምለው በትውልድ ትስስር ያላቸውን ከእንግዳው ቦታ አውጥቶ የራሳቸውን ገደብ፣ ለምሳሌ ሦስት ወይም አራት፣ ማድረግ ይቻላል ነው። ያኔ ክላርክሰንና ብራውንሊ አብረው ይሰለፋሉ፤ ለማኒላም ለሐዋሳም ልጅ ቦታ ይተርፋል።

ፊባ ለምን ይህን አላደረገም ቢባል፣ የእኔ ግምት ክፋት ሳይሆን ወረቀት ነው የሚል ነው። ፓስፖርት ቀን አለው፤ ትስስር ቀን የለውም። አያትህ የት ተወለዱ ተብሎ ማስረጃ ሲጠየቅ ለአውሮፓዊው ከማዘጋጃ ቤት መዝገብ ይወጣል። እኛ ዘንድ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሀገር ደረጃ የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ነው። የአያታችንን ልደት የሚያውቁ ጎረቤቶቻቸውና የክርስትና አባታቸው ነበሩ። ለገንዘብ ሲባል አያት የሚፈበረክበት ገበያ እንዳይከፈት ፊባ ቢፈራ አይደንቀኝም። ለስደተኛ ልጆች ግን ይህ ጥንቃቄ ዋጋው ከባድ ነው፤ ጦርነትና ረሀብ ከሚያባርራቸው ሰዎች መካከል የልጁን ሁለተኛ ፓስፖርት በጊዜ አስባ የምታወጣ እናት ስንት ናት?

ፊባ ደንቡን እስኪያሻሽል ሳይጠበቅ ሊደረግ የሚችል ነገር አለ፤ ብዙ ገንዘብም አይፈልግም። የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽናችን ወላጆቻቸው ገና ኢትዮጵያዊ ዜግነት ያላቸውን፣ ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች የሆኑ ተጫዋቾች በየከተማው ይመዝግብ። ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በሰሜን አሜሪካ የሚደረገው የኢትዮጵያውያን የስፖርትና የባህል ፌስቲቫል ወላጅና ልጅ አንድ ቦታ የሚገኙበት ነው፤ ኤምባሲው እዚያ አንድ ድንኳን ተክሎ የፓስፖርት ማመልከቻ ይቀበል። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱን ገደብ በተመለከተ ጥያቄው ለምክር ቤቱ ነው፦ የአዋጁን አንቀጽ 20 ለሁሉም መክፈት ባይፈለግ እንኳ፣ ውጭ ሀገር ለተወለዱ ልጆች የምርጫውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ወደ አምስት ወይም ስድስት ማራዘም የአንዲት ንዑስ አንቀጽ ማሻሻያ ነው፤ ተጫዋቹን ኮሌጁን እስኪጨርስ ያደርሰዋል።